ቢጫዋ መኪና ቱርቦ የላትም

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ስለ ሞተር የማውቀው የስፌት መኪናዬን ዘይት ከመቀባት አያልፍም። ስለ ፍቅር ደግሞ ባለቤቴን ብትጠይቁት «እሷ? ረስታዋለች» ይላችኋል። ግን የስፌት መኪናዬ የተቀመጠው መስኮት ሥር ነው፤ መስኮቱ ደግሞ የሰፈራችንን ጋራዥ ፊት ለፊት ያያል። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከእኔ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም። ባለታሪኮቹ ራሳቸው እንኳ አይችሉም፤ እነሱ ግማሹን ጊዜ ተኳርፈው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ«ጸጥ» ነው።

የጋራዡ ባለቤት ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። ሞተር ሲመረምር የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ አጠገቡ የሚያወራ ሰው ካለ ግራ እጁን ያነሳና «ጸጥ» ይላል። ለሹምም ለሹፌርም እኩል ነው። ሰፈሩም ስሙን «ጸጥታ» አለው፤ እሱም አልተከራከረም። መከራከር ማውራት ይጠይቃላ።

ሴቲቱ ደግሞ ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። መኪና መንዳት ታስተምራለች። ተማሪዎቿ «ቲቸር» ሲሏት ሰምተን እኛም ቲቸር አልናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጋቢና ተቀምጣ፣ በማሠልጠኛው መኪና ከእሷ በኩል የተገጠመችውን ሁለተኛ ፍሬን እየጠበቀች፣ ስንቱን ፈሪ፣ ስንቱን ቀበጥ መንጃ ፈቃድ አስይዛለች። ጫማ ሠሪው «የቀኙ ሶል ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቃል፤ ቀኙን ለሰው ነው የምታውሺው?» እያለ ይቀልድባታል። የራሷ መኪና ግን ኖሯት አያውቅም። በሠላሳ አራት ዓመቷ «አሁንስ ልግዛ» አለች።

የመረጠቻት ሁለት መንገድ አልፎ የሚኖሩት ሽማግሌ ፋርማሲስት መኪና ነበረች። ዓይናቸው ደክሞ ሊሸጧት ነው። ትንሽ፣ እንደ ሎሚ ልጣጭ ቢጫ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ኋላዋ እንደ ዳቦ ቁርጥ ያለ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት። ማርሿ በእጅ የሚቀየር። ቱርቦ የላትም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ ግቢ ውስጥ አቆመቻትና ከጸጥታ ኋላ ኋላ እየዞረች ትጠይቅ ጀመር።

«ፍሪሲዮኗ እንዴት ነው? ማርሿስ ሲገባ...»

ግራ እጁ ተነሳ። «ጸጥ።»

«ምን አልክ?»

«ጸጥ በይ፣ እህቴ።»

መርፌዬ ጨርቁ ላይ ቆመ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን «ተረጋጋ፣ ዝም ብለህ ንዳ» ስትል የኖረች ሴት ናት እኮ። እሷ ግን እጆቿን አጣምራ ዓይኑን እስኪገልጥ ጠበቀችው።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ተራው የእኔ ነው። ገዢ ነኝ፣ ገዢ ይጠይቃል። ሞተሯን እንደሰማህ እኔንም ትሰማለህ።»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ አያት። «እሺ። በየተራ።»

«ማን ይቀድማል?»

«ሞተሩ። እሱ ነዳጅ ይጨርሳል።»

ላለመሳቅ ከንፈሯን ስትነክስ በመስኮቱ አየኋት። እሱ ግን አላየም፤ ኮፈኑን እየከደነ ነበር።

«ዳገት እናስወጣት» አለ። «ባዶዋን ማንም ያስወጣታል። ሰው መጫን አለብን።»

ከዚያ ሁለቱም ዞር ብለው መስኮቴን አዩ።

«እትዬ» አለች ቲቸር በማር ድምፅ፣ «ሥራ ይዘዋል?»

«ሚዛን ፈልጋችሁ እንጂ ለጨዋታ እንዳልፈለጋችሁኝ አውቃለሁ» አልኩ ጫማዬን እያጠለቅሁ።

ሁለት በር ያላት መኪና የኋላ ወንበር ላይ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ እየሳበች እሱ እየገፋ እንደ ትራስ ጠቀጠቁኝና ከጋቢናው ጀርባ ተሰካሁ። ከፊቴ የሚታየኝ የቲቸር ፀጉር ብቻ ነው።

መጀመሪያ እሱ ነዳ። ከውኃ ታንከሩ በላይ ያለውን ዳገት ያዝን።

«ይኼ ቱርቦ የምትሉት ምንድን ነው?» አልኩ ከኋላ።

«ሞተሩ ውስጥ አየር በግድ የሚጨምር መሣሪያ ነው፣ እትዬ። ይቺ የላትም። በራሷ ሳንባ ነው የምትተነፍሰው።»

«እንደ እኔ በሉኛ» አልኩ፣ ገና ከመግባቱ ትንፋሽ እየቆረጠኝ።

ዳገቱን ወጣን። ማዶ ቁልቁለቱና ኩርባው ሲጀምር ጸጥታ አንገቱን ዘመም አደረገ። ፍሬን ያዘ። «ጓ» የሚል ድምፅ ከጋቢናው ሥር መጣ። ለቀቀ። እንደገና ያዘ። «ጓ።» ፊቱ ተለወጠ። ዳር ይዞ አቆመና ወረደ።

«ንጂያት» አላት።

ወንበር ተቀያየሩ። እኔን አልቀየሩኝም።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ይህቺ ሴት የሰው እግር ስትጠብቅ ነው የኖረችው። የራሷን እግር ያን ቀን ያገኘችው መሰለኝ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛ፣ ኩርባው ሲመጣ መልሳ ሁለተኛ። የሞተሯ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ወጣ። ከግራ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ እኔም እንደ ጥቅል ጨርቅ አብሬ ታጠፍኩ።

«ሞተሩ እስኪጮህ ድረስ ሳቢያት» አለ እሱ። «ቱርቦ ስለሌላት ጉልበቷ የሚመጣው ሲጮህ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከየት?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተማሪ ሞተር ሲያስጮህብኝ ሰምቼ።»

ጸጥታ ሳቀ። ጥርስ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ያ ድምፅ ግን፣ እሷ ስትነዳ፣ አንድ ጊዜም አልተሰማም።

ስንመለስ ሞተሩን አጠፋችና እጇን መሪው ላይ እንዳለ ተወችው።

«ረገጥኳት...» አለች ቀስ ብላ። «ወዲያው መለሰችልኝ።»

እሱ የሚያየው መኪናዋን አልነበረም።

---

እሑድ የቲቸር እናትና ታላቅ ወንድሟ መጡ። ወንድሟ ኮንትራክተር ነው፤ ሲናገር ሁሉ ነገር ላይ ጣራ የሚያቆም ይመስላል። የመጡበትን ትልቅ ጥቁር መኪና መስኮቴን ሸፍኖ ስላቆመው ብርሃን አጥቼ ሥራዬን ትቼ ወጣሁ። ያው፣ ለመስማትም ይመቻል።

«ይኼ ነው መኪና» አለ የሞተሩን ኮፈን እየደበደበ። «ቱርቦ አለው። ማርሽ አያስነካሽም። ራሱን ችሎ ይቆማል። እኔ ሌላ ልይዝ ነው፤ በእኔ ስም እንዳለ አንቺ ያዢው። ያው እማዬን ታመላልሻለሽ፣ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ታመጫለሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሳይት ታደርሺኛለሽ።»

«እኔ የመረጥኳት አለች፣ ጋሼ።»

«ያቺ ቢጫ ቆርቆሮ?»

እናትየው ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለች ትንሽ መኪና የምትገዛ ሴት ትዳር አላሰበችም ይባላል።»

«ማን ነው የሚለው፣ እማዬ?»

«እኔ ነኛ የምለው።»

ቲቸር ግን ፍትሕ ታውቃለች። ቁልፉን ተቀብላ ትልቁን ይዛ ወጣች፤ ዳገቱን ዞራ ተመለሰች።

«ጠንካራ ነው፤ አልዋሽም» አለች ስትወርድ። «ግን ስረግጠው መጀመሪያ ያስባል። ከዚያ ደግሞ ከኋላዬ አንድ ሰው በሁለት እጁ የገፋኝ ይመስለኛል።»

«መገፋት ምን ክፋት አለው? ፈጥነሽ ትደርሺያለሽ።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ተገፍቻለሁ፣ ጋሼ። ኮሌጁን መረጥክልኝ። ሥራውን አንተ አስገባኸኝ። ሥራዬን ወድጄዋለሁ፣ ግን አልመረጥኩትም። መኪናዬን እኔ እመርጣለሁ።»

ወንድምየው ፊቱ ጠቆረ።

«እንግዲያው እሷን ይዘሽ እኔ ደጅ እንዳትመጪ። እማዬም አትሳፈርባትም። ነው አይደል፣ እማዬ?»

እናትየው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አልሳፈርም» አሉ፣ ግን ልጃቸውን ሳያዩ ነው ያሉት።

ቲቸር ቁልፉን ለወንድሟ መለሰችና ደረጃውን ወጣች። ጀርባዋ ቀጥ እንዳለ ነው። እናቷን በየሳምንቱ የምታይ ልጅ ናት። ቢጫዋን ከያዘች ምን እንደምታጣ አውቃለች።

ወንድምየው በዚህ አላበቃም። መንገዱን ተሻግሮ ጋራዡ ገባ። ከጸጥታ ጋር ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወራ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ጸጥታ ራሱን ነቀነቀ። ቀና ብል ቲቸር በረንዳዋ ላይ ቆማ ታያለች።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት ወደ ጋራዡ ስትሄድ፣ እኔም ምንም እንደማያውቅ ሰው ደጄን መጥረግ ጀመርኩ።

«አትግዢያት» አላት።

«ለምን?»

«የማላውቀው ድምፅ አለባት።»

«ምን ዓይነት?»

«አላገኘሁትም። ከትናንት ወዲያ ሁለት ጊዜ በክሪክ አንስቼ አየኋት፤ አላገኘሁትም።»

«ያልተገኘ ድምፅ» አለች እየሳቀች፣ ሳቋ ግን የሳቅ አልነበረም። «ጋሼ ትከሻህን ሲመታህ ነው አይደል የተሰማህ?»

«እህቴ...»

«እኔን ዝም ማሰኘት አቃታቸው፤ አንተን ማናገር ግን ቻሉ።»

አንድ ቃል ቢተነፍስ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሰውየው ግን ሲከፋው እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው። ካቻቪቴውን አንስቶ ወደ ውስጥ ገባ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቲቸር ቢጫዋን ገዛቻት። ጋራዡ ፊት ለፊት ሦስት ጊዜ በሁለተኛ ማርሽ እያስጮኸች ዞረችና የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ጋራዡ አድርጋ እኔ መስኮት ሥር አቆመቻት። እልኸኛ ብዬ ልሳደብ ፈልጌ ነበር፤ ግን እንዴት እንዳማረባት ብታዩ።

---

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። በሥራ ቀን የሰው መኪና ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ቢጫዋን ይዛ ኩርባው ጋ ትሄዳለች። ዘይት ልታስቀይር ሦስት መንገድ ተሻግራ ሌላ ጋራዥ ትሄዳለች እንጂ ጸጥታን ቀና ብላ አታየውም። እናቷ ስልክ ያነሳሉ፣ ግን «ነይ» አይሉም።

ጸጥታ ደግሞ ቢጫዋ ባለፈች ቁጥር ሥራውን አቁሞ አንገቱን ዘመም ያደርጋል። ሞተር ሊሰማ ነው እንዳልል፣ ሞተር ለመስማት ሰው ፀጉሩን አያበጥርም። ቅዳሜ ቅዳሜ ያበጥር ጀመር።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና መቀሴን እንደያዝኩ ተሻገርኩ።

«ና ንገረኝ። ወንድምየው ያን ቀን ምን አለህ?»

«‹ትንሿ አትረባም በላት› አለኝ።»

«አንተስ?»

«‹የሰማሁትን እነግራታለሁ› አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?»

«ታዲያ ይህንኑ ለምን አልነገርካትም?»

«ፈርዳ ነው የመጣችው፣ እትዬ።»

«አንተ ሰው፣ ምላስህን በካቻቪቴ ላላላልህ?»

ጎማ ላይ ቁጭ አለ። እጁን እያየ፣ «ድምፁ እውነት ነው» አለኝ። «ፍሬን ስይዝ ነው የሚመጣው። በጋቢናው በኩል፣ ከሥር። ስንት ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ዋሽቶኝ አያውቅም። በየቅዳሜው እዚያ ኩርባ ላይ ስትሄድ፣ እስክትመለስ ድረስ... አንድ ብሎን አጥብቄ አልጨርስም።»

ይኸው፤ ይህን ያህል ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሲወጣ አስቡት። መቀሴን ይዤ በቀጥታ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ጉልበቴ እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል።

ቲቸር አስጨርሳ ሰማችኝ። ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ አገጯ ወደ ላይ ሄደ።

«እንግዲያው ያሳየኝ» አለች።

ወርዳ የቢጫዋን በር ከፈተችና መንገድ ማዶ ተጣራች። «ጸጥታ! ና ንዳ። ያን ድምፅ አሁን አሳየኝ። ካላሳየኸኝ ሰፈሩ እያየ ይቅርታ ትጠይቀኛለህ።»

«ካሳየሁሽስ?»

«እኔ እጠይቅሃለሁ።»

«ምስክር ያስፈልጋል» አለ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እኔም ሳልጠራ ጫማዬን አጥልቄ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን «ከሾፌሩ ጀርባ ነው የምቀመጠው፣ ባለፈው ጉልበቴ አልቋል» ብዬ ተከራከርኩ። ታሪኩን የቀየረው እሱ ነው፤ ለጉልበቴ ብዬ ነው እንጂ ብልህ ሆኜ አይደለም።

ዳገቱን ወጣን። ቁልቁለቱ ጀመረ፣ ጸጥታ ፍሬን ያዘ።

«ጓ።»

«ይኸው» አለ።

ቲቸርም ሰማች። «ድገመው።»

«ጓ።»

«እንደገና።»

«ጓ።»

ጸጥታ በደስታ መዝለል ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። እሷም እጇን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጋ፣ የታመመ ልጅ እንደሚዳብስ ሰው ቢጫዋን ትዳብሳለች። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ጥግ ሁሉም ነገር ይታየኝ ነበር።

«ልጆች» አልኩ፣ «አቁሙ። አንቺ፣ የቀኝ ጫማሽን አውልቂ።»

«እትዬ፣ አሁን የጫማ ሰዓት ነው?»

«አውልቂ አልኩሽ።»

አወለቀች። «አሁን ንዳ» አልኩት።

ነዳ። ኩርባው መጣ፣ ፍሬን ያዘ። ምንም የለም። ሁለተኛ ያዘ፤ ጸጥ። ሦስተኛው ላይ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። የቲቸር እግር በካልሲዋ ምንጣፉን ጥርቅም አድርጎ ረግጧል፤ ልክ ፍሬን መኖር የነበረበት ቦታ ላይ።

ዳር ይዞ አቆመ። ቲቸር እግሯን አየች፣ እኛን አየች፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እግሬ ነው...» አለች ከእጇ ውስጥ። «ሰው ሲነዳ አላውቀውም፣ ራሱ ነው የሚሄደው።»

«ጎማዋን ፈታሁ» አለ ጸጥታ። «ሞላዋን ፈታሁ። ከሥሯ ተኝቼ ግማሽ ቀን ዋልኩ። እግርሽን ፍለጋ።»

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላስታውስም። መኪናዋ ራሷ ትንቀጠቀጥ ነበር። ሲበርድልን እሷ ዓይኗን ጠረገች።

«ድምፁን አሳይተኸኛል። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። የጋሼ ሰው ነህ ብዬ ስላማሁህ።»

«የለም። መኪናዋን ያለ ጥፋቷ የከሰስኩ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ማን ይቀድማል?»

«በየተራ» አለ።

ከዚያ የተባባሉትን አልነግራችሁም። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ እኔም በተፈጥሮዬ የሰው ወሬ አልሰማም።

---

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት በቢጫዋ የሚወጡት ሁለት ሰዎች ሆኑ። እኔን ረሱኝ። ደህና አድርገው ረሱኝ።

ቢጫዋ በተገዛች በሰባተኛው ወር ይመስለኛል፣ ጸጥታ መኪናዋን ዘይት ለመቀየር ሁለት ቀን ያዛት። ዘይት ሁለት ቀን? እኔ እንኳ ጠረጠርኩ። ሲመልሳት ቲቸር በሩን ከፍታ ቆማ ቀረች። ጋቢናው ሥር ጎማ የለበሰች፣ ሞላ ያላት ትንሽ ፔዳል ተገጥማለች።

«ይቺ ከምን ጋር ተያይዛ ነው?»

«ከምንም ጋር።»

«ታዲያ ምን ትሠራለች?»

«ምንጣፉን ታድናለች።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ጫማሽንም። እኔ ስነዳ... የምትይዥው ነገር እንዲኖርሽ። ዕድሜ ልክ የምትበቃ አድርጌ ነው የሠራኋት። ዕድሜ ልክ ከፈለግሽ።»

መርፌዬ ቆመ። ባለቤቴ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ ግራ እጄን አንስቼ «ጸጥ» አልኩት።

ቲቸር ፔዳሏን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ይህን የሠራኸው እኔ እዚህ እቀመጣለሁ ብለህ ነው?»

«አዎ...»

«አልቀመጥም። አሥራ ሁለት ዓመት ጋቢና ተቀምጫለሁ። በራሴ መኪና ጋቢና አልቀመጥም።»

ሰውየው ፊቱ ገረጣ። ካቻቪቴውን የሚያስቀምጥበት አጣ።

«ስለዚህ የምትቀመጥባት አንተ ነህ» አለች። «ዕድሜ ልክ ያልከውን ግን ተቀብያለሁ።»

---

ወንድምየው በሠርጉ ቀን ጠዋት ትልቁን ጥቁር መኪና አበባና ሪባን አልብሶት መጣ። እናትየው ከጎኑ ናቸው። ሙሽራዋ ነጭ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው የቢጫዋን ቁልፍ ይዛ ወረደች።

«ዛሬ እንኳ» አለ ወንድምየው፣ «ዛሬ እንኳ እንደ ሰው ሂጂ። ሙሽራ መሪ አይዝም።»

«ይቺኛዋ ትይዛለች።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ቢጫ ነበረች ይላላ።» ከዚያ ድምፅዋ ለዘብ አለ። «ጋሼ፣ እንድትመጣ እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ። ከመጣህ ግን ከኋላዬ ና።»

ወንድምየው መኪናውን አየ፣ እህቱን አየ። ጋራዡ በር ላይ ደግሞ ጸጥታ በጥቁር ሱፍ ቆሟል፤ ሄዶ የቢጫዋን የጋቢና በር ከፈተና ራሱ ገብቶ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት እናትየው ናቸው። ከትልቁ መኪና ወረዱና ወደ ቢጫዋ መጡ።

«በየት ነው የሚገባባት?» አሉ ተቆጥተው።

«እኔ አሳይዎታለሁ» አልኳቸው። «ጥበብ አለው።» ሙሽራውን ከተቀመጠበት አስነሥተን፣ ሁለታችንም እየተገፋን ኋላ ወንበር ላይ እንደ ሁለት ጆንያ ተደረደርን።

 ወንድምየው አንገቱን ደፍቶ ጥቁሩ ውስጥ ገባና ሞተር አስነሣ። ዕድሜዋን ሙሉ ፊት ፊት ሲመራት የኖረ ሰው ያን ቀን ተከተላት።

የጋብቻ ጽሕፈት ቤቱ ከዳገቱ ማዶ ነው። ዳገቱ ላይ ጥቁሩ በቱርቦው ጉልበት ተጠግቶን መጣ።

«ወንድምሽ ሊቀድመን ነው» አሉ እናትየው።

«ይቅደም፣ እማዬ። ጉልበት አለው።»

አልቀደመም። ኩርባዎቹ ሲጀምሩ ቢጫዋ እንደ ለመደችው ከግራ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ትልቁ ከኋላ እያዘነበለ ራቀ። እናትየው በኋላ መስታወት ዞረው ሲያዩ ቆዩና፣ ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው በለሆሳስ እንዲህ አሉ።

«እንዳታስቀድሚው።»

ሙሽራዋ ሳቀች፣ ወደ ሁለተኛ ማርሽ መለሰች፣ ረገጠች። ቢጫዋ ወዲያው መለሰችላት።

ያን ጊዜ ነው ከጋቢናው ሥር የመጣው። «ጓ... ጓ... ጓ።»

«ይኼ የምን ድምፅ ነው?» አሉ እናትየው ደንግጠው።

እኔ አየሁ። ጥቁር የሠርግ ጫማ፣ ከምንም ጋር ባልተያያዘች ፔዳል ላይ፣ ጥርቅም።

ሙሽራዋ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል መለሰች።

«ምንም አይደል፣ እማዬ። አዲስ ተማሪ ነው።»